ዝም ያለው ልጅ ሰነፍ አልነበረም

በ1978 ዓ.ም. ሀዋሳ ውስጥ አንደኛ ክፍል ስገባ፣ ዴስክ የተጋራሁት ልጅ እስከ ዓመቱ አጋማሽ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። መምህራችን ሲጠይቁት ይነሣል። ጣራ ጣራ ያያል። ይቀመጣል። ተገረፈ፣ ተንበረከከ፣ "ደንቆሮ" ተባለ። እኛም ያንኑ ስም ይዘን በእረፍት ሰዓት ጠራነው።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ቆጮ ልትገዛ ገበያ ይዛኝ ሄደች። ልጁ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ይሸጣል። "ሚቴ፣ ላሜ፣ ሳሴ፣ ሾሌ፣ ኦንቴ" እያለ ሳንቲሙን በጣቱ ይገፋል። በሲዳሙ አፎ፣ ማለትም በሲዳምኛ፣ ከአንድ እስከ አምስት መቁጠሩ ነው። ለእናቴ መልሷን ሳይሳሳት ቆጥሮ በመዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ከጎረቤቶቹ ጋር ያወራል፣ ይስቃል፣ ይከራከራል። ሰኞ ክፍል ስንገባ እንደገና ዝም አለ።

በዚያ ዓመት ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። ለረጅም ጊዜ ጎበዝ ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው የጉብዝናዬ ግማሹ የቤታችን ቋንቋ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው እናቴ በምታወራበት አማርኛ ነው። እሱ ግን በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይማር ነበር፤ ሒሳቡንም፣ ሒሳቡ የሚነገርበትን ቋንቋም። ሁለተኛውን ማንም አልቆጠረለትም። ሦስተኛ ክፍል ሳይደርስ አቋረጠ።

ያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በመላ አገሪቱ በአማርኛ ነበር። በዚያው ዘመን ግን የጎልማሶች የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር፤ ሲዳምኛና ወላይትኛም ነበሩበት። ይህን ሳውቅ ደነገጥኩ። አባት በገዛ ቋንቋው ፊደል እንዲቆጥር ተፈቅዶ ልጁ በማያውቀው ቋንቋ ይገረፋል! መጽሐፍ ማዘጋጀት አይቻልም ነበር እንዳይባል፣ ለትልልቆቹ ተዘጋጅቷል። (ዘመቻው የተካሄደው በግዕዝ ፊደል ነው። ሲዳሙ አፎ ዛሬ የሚጻፈው በላቲን ነው። የፊደል ምርጫው የባለቤቶቹ ነው፤ ያኔ ማንበብ የቻሉ አያቶች ግን የልጅ ልጆቻቸውን መጽሐፍ እንዲያነቡ የሚረዳቸው ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል።)

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች አንደኛ ደረጃን በቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። በማግስቱ ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 5 የአገሪቱ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና እንዲኖራቸው ደነገገ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ግን ቡና ላይ ስንቀመጥ አሁንም አንድ ስጋት ይነሣል። "ሁሉም በየቋንቋው ከተማረ እንዴት እንግባባለን?" ይባላል። ስጋቱን አልንቀውም፤ ከልባቸው የሚጨነቁ ሰዎች የሚያነሡት ነው። ነገር ግን ሰውን ቋንቋውን በመጨፍለቅ አንድ ማድረግ እዚሁ አጠገባችን ተሞክሮ አይተነዋል። በያኔው ደቡብ ክልል የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተቀላቅለው "ወጋጎዳ" የሚባል የትምህርት ቋንቋ ተሠራ። መጽሐፉ ሲመጣ በ1992 ዓ.ም. ወላይታ ውስጥ ተቃውሞ ተነሣ። ሰው ሞተ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ። ሰዎቹ ከጎረቤቶቻቸው ጋር መግባባት ጠልተው አልነበረም። ልጃቸው በእናቱ ቋንቋ እንዲማር ፈልገው ነው።

ሚዛኑ ግን ለሁሉም አንድ መሆን አለበት። ሲዳማ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ራሱን የቻለ ክልል ነው፣ ሀዋሳም ዋና ከተማው። ሲዳሙ አፎ በቢሮውም በክፍሉም ቦታውን መያዙ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ዘግይቷል። ይህችው ከተማ ግን የወላይታውም፣ የጉራጌውም፣ የአማራውም፣ የኦሮሞውም ቤት ናት። ቤቱ ወላይትኛ ብቻ ሰምቶ ያደገ የ7 ዓመት ልጅ ሲዳሙ አፎም ሆነ አማርኛ ክፍል ውስጥ ቢገባ ዝም ማለቱ አይቀርም። የኔን የዴስክ ጓደኛ በደል በሌላ ልጅ ላይ ከደገምነው ምኑን አስተካከልነው? ለእያንዳንዱ ቋንቋ በየሰፈሩ ትምህርት ቤት መክፈት ከባድ መሆኑ ይገባኛል። የልጁን ቋንቋ የሚሰማ አንድ ረዳት መምህር ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት መመደብ ግን ያን ያህል አይከብድም።

እኛ ደግሞ መማር አለብን። አማርኛ ስለምንናገር ሁሉም ወደኛ መጣልን። አትክልት ሻጯም፣ የባጃጁ ሹፌርም፣ የቤት ሠራተኛዋም በኛ ቋንቋ መለሱልን። ስንቶቻችን ነን ከሲዳማ ዘመን መለወጫ ከፍቼ ጨምበላላ ሰላምታ፣ ከ"አይዴ ጨምበላላ" ያለፈ ነገር የምናውቀው? ደግሞ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። እኛ "የአፍ መፍቻ" እንላለን፤ ሲዳማው ቋንቋውን "አፎ" ይለዋል፣ ኦሮሞው "አፋን"፣ ሶማሌውና አፋሩ "አፍ"። ልጄ ሲዳሙ አፎን እንደ አንድ ትምህርት መማር ስትጀምር ያጠናነው አብረን ነው። ከሰፈራችን እናት ጋር በቋንቋቸው ስታወራ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም።

ሌላው የሚያሳስበኝ እንግሊዝኛ ነው። በየኬጂው "እዚህ ግቢ እንግሊዝኛ ብቻ" እየተባለ የ4 ዓመት ሕፃን በእናቱ ቋንቋ በማውራቱ ይቀጣል። ወላጅም ለዚያው ይከፍላል። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ለትምህርት ሚኒስቴር የተሠራ ጥናት 8 ዓመት በአፍ መፍቻቸው የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ እንደሚበልጡ አሳይቷል። ያኔ በኛ ክልል ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2። ሁሉንም በቋንቋ አላሳብብም። የመጽሐፍም፣ የመምህርም፣ የጦርነትም እጅ አለበት። ግን ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥያቄው ሳይገባቸው የወደቁ ብዙ እንደሆኑ የሚያስጠና ሰው ሁሉ ያውቃል። እንግሊዝኛን በደንብ እንደ ትምህርት እናስተምር። ማስተማሪያ የሚሆነው ልጁ ሲደርስበት ይሁን።

ወላጆች፣ መስከረም ላይ ልጅ ስታስመዘግቡ ስለ ክፍያና ስለ ዩኒፎርም ብቻ አትጠይቁ። አንደኛ ክፍል የሚያስተምረው መምህር ስንት ቋንቋ ይሰማል? ክፍሉ ውስጥ ዝም የሚል ልጅ ካለስ፣ ቤቱ በምን ቋንቋ እንደሚያወራ የጠየቀው ሰው አለ?