337 ብዬ ነካሁ፣ ቀይ አበራ

እስቲ ልናገረውና ይውጣልኝ። ሰሞኑን ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የከረመ ነገር ነው።

በየቀኑ ጠዋት አንድ ጥያቄ የሚልክ የስልክ ጨዋታ አለ። ስለ ኩዊን ሜሪ ነው፤ ሎንግ ቢች ስለቆመችው ትልቋ መርከብ። በቀን አንድ ጥያቄ፣ አራት ምርጫ፣ 15 ሰከንድ። ካገኛችሁ አረንጓዴ ይበራና ባለቀለም ብጥስጣሽ ወረቀት ከላይ ይዘንባል። ከሳታችሁ ቀይ ያበራል፣ ስንት ቀን በተከታታይ እንደመለሳችሁ የሚቆጥረው ስትሪክ ደግሞ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከዚያ የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ። በቃ ይኸው ነው።

እኔ ሎስ አንጀለስ ነው የምኖረው። መርከቧን የወደድኳት በጨዋታ አይደለም። እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ወስጃት ነበር። ውኃ ውስጥ ያለውን ፕሮፔለር ከላይ ሆነው የሚያዩበት ቦታ አለ። ከአራቱ የቀረው አንዱ ነው። ጨለም ይላል፣ ውኃው አረንጓዴ ነው፣ ያ ትልቅ ብረት እዚያ ውስጥ ዝም ብሎ ቆሟል። እማዬ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ «እንዲህ ያለውን ነገር ሰው በእጁ ሠራው?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህች መርከብ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ስለዚህ ጨዋታውን ሳገኘው እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሥራ ከመግባቴ በፊት መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ቡናዬን ይዤ፣ እመልሳለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ለ11 ዓመቷ ልጄ እነግራታለሁ። አንዳንዴ ቅዳሜና እሁድ አብረን እንጫወታለን።

መጀመሪያ የተናደድኩት በክብደቱ ጥያቄ ነው። «ኩዊን ሜሪ ስንት ትመዝናለች?» ይላል። ትክክል የሚሉት መልስ 81,237 ቶን ነው። ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ ስለ መርከቧ በተጻፈ ነገር ሁሉ ላይ አለ። ግን ክብደት አይደለም! ግሮስ ቶኔጅ ነው። የመርከቧ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንዳለው የሚለካበት ነው። አንዱ ቶን 100 ኪዩቢክ ጫማ ቦታ ማለት ነው፣ ወደ 2.83 ሜትር ኩብ። ስሙ ቶን ስለሆነ ብቻ ሰው ሚዛን ይመስለዋል። አንድ ጎተራ ስንት ኩንታል ይይዛል ማለትና ጎተራው ራሱ ስንት ይመዝናል ማለት አንድ ነው እንዴ? አይደለም። ገበሬ ብትጠይቁት ይስቅባችኋል።

እሺ፣ ሰው ይሳሳታል። «ስሕተት ካገኙ ይንገሩን» የሚል ቁልፍ አላቸው። የምሳ ሰዓቴን ሠውቼ፣ በጨዋ ቋንቋ፣ ከነማብራሪያው ጻፍኩላቸው። ደቂቃ ሳይሞላ «አስተያየትዎ ለእኛ ውድ ነው» የሚል መልስ መጣ። ማሽን ነው የመለሰልኝ፣ ያስታውቃል። ከዚያ ዝም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ፣ አንድ ፊደል ሳይነካ ተመልሶ መጣ።

እና ምን አደረግኩ? 81,237ን ነካሁት። ስሕተት መሆኑን እያወቅኩ። ከ40 ቀን በላይ ያቆየሁት ስትሪክ እንዳይጠፋብኝ ብዬ። ብጥስጣሹ ወረቀት ዘነበልኝ። በጣም ያበገነኝ ይሄ ነው፤ የማውቀውን ነገር ትቼ እነሱ የሚፈልጉትን እንድመልስ አለመዱኝ።

ደግሞ የሚጠይቁትን ነገር ተመልከቱ። «ስም ሳይወጣላት በፊት ቁጥሯ ስንት ነበር?» 534። አረንጓዴ። ቀጥሎ ማስታወቂያ። በቃ? 534 እኮ የመርከብ ፋብሪካው የሥራ ቁጥር ነው፤ ግን ከጀርባው ስንት ጉድ አለ። ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ የሚባል ከተማ ነው የተሠራችው። በ1930 መጨረሻ ተጀመረች፣ በ1931 ዲሴምበር ላይ በኢኮኖሚው ቀውስ ገንዘብ አለቀና ሥራው ቆመ። በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ወደ ቤቱ ሄደ። ያ ያላለቀ የብረት ተራራ ከተማው መሐል ከሁለት ዓመት በላይ ዝናብ እየወረደበት ቆመ። እስቲ አስቡት፤ ሥራ ፈትታችሁ፣ በየቀኑ በመስኮት የምታዩት የተቋረጠ ሥራችሁን ነው። መንግሥት ብድር ሰጥቶ፣ ኩናርድና ኋይት ስታር የተባሉት ሁለቱ ተቀናቃኝ ኩባንያዎች እንዲዋሐዱ አድርጎ፣ በ1934 አፕሪል ሥራው ሲቀጥል ሠራተኛው በስኮትላንድ ባግፓይፕ ታጅቦ ነው ወደ ፋብሪካው የተመለሰው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ውኃ ላይ ወረደች። ይህን ከመልሱ ሥር በሁለት መስመር መጻፍ ምን ያቅታል? ለማስታወቂያ 30 ሰከንድ አላቸው አይደል?

የአንደኛ ማዕረግ መመገቢያ አዳራሿ ግድግዳ ላይ ስላለው ካርታም አንድ ቀን ጠይቀው አያውቁም። ትልቅ የአትላንቲክ ካርታ ነው። ላዩ ላይ ትንሽ የመርከብ ሞዴል አለች፣ ባሕሩን ሲያቋርጡ አብራ ትንቀሳቀስ ነበር። ሰው እራቱን እየበላ የት እንደደረሰ ቀና ብሎ ያያል። የጭስ ማውጫዎቿን ብዛት ግን አምስት ጊዜ ጠይቀውኛል። ሦስት ነው። ሦስት ነው አልኩ እኮ!

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ቅዳሜ ነው። ልጄ አጠገቤ ቁርሷን እየበላች ነበር። ጥያቄው መጣ፤ «ኩዊን ሜሪ ኪውራሶን ስትገጭ ስንት ሰው ሞተ?»

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ኦክቶበር 2 ቀን 1942 ነው፣ በጦርነቱ ጊዜ። ኩዊን ሜሪ ግራጫ ተቀብታ ወታደር ታመላልስ ነበር። በዚያን ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ወታደሮች ጭናለች። አየርላንድ ሰሜን አካባቢ ኪውራሶ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ልታጅባት ተቀላቀለች። ኩዊን ሜሪ ከሰርጓጅ መርከብ ለማምለጥ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘች በከፍተኛ ፍጥነት ነው የምትሄደው። ኪውራሶ አርጅታለች፣ ያን ያህል አትሮጥም። ሁለቱም ካፒቴኖች ሌላው መንገድ ይለቅልኛል ብለው አሰቡ። ትልቋ ትንሿን መሐል ለመሐል ለሁለት ቆረጠቻት። በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመች። ኩዊን ሜሪ ደግሞ አልቆመችም። ትእዛዙ ለምንም ነገር እንዳትቆም ነው፤ ብትቆም ሰርጓጅ መርከብ ያገኛታል፣ ላይዋ ላይ ያለው ሕዝብ ሁሉ ያልቃል። ሰዎቹን ውኃ ውስጥ ትታ ሄደች። ከኋላ የነበሩ ሌሎች አጃቢዎች ቆይተው ደርሰው 100 ገደማ ሰው አወጡ። ከ330 በላይ ሞተ። ነገሩም ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ ለሕዝብ አልተነገረም፤ የሟቾቹ ቤተሰቦች ልጆቻቸው እንዴት እንደሞቱ ሳያውቁ ነው ያለቀሱት።

ምርጫዎቹ ምን ነበሩ መሰላችሁ? 238፣ 337፣ 338፣ 438።

337 እና 338! መጻሕፍቱ ራሳቸው እዚህ ላይ አይስማሙም። አንዱ 337 ይላል፣ ሌላው 338። እኔ መጀመሪያ ያነበብኩት 337 የሚለውን ነው። ሰዓቱ እየቆጠረ ነው፣ ጣቴ ተንቀጠቀጠ፣ 337 ብዬ ነካሁ። ቀይ አበራ። 64 ቀን ያቆየሁት ስትሪክ ጠፋ። እሱ ይጥፋ፣ ገደል ይግባ። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። 338 ላለ ሰው ብጥስጣሽ ወረቀት ይዘንብለታል ማለት ነው? በዚያ ሁሉ ሬሳ ላይ? ያቺ በሁለቱ ቁጥሮች መሐል ያለችው አንድስ? እሱ እኮ ሰው ነው። የሆነች እናት ልጅ ነው። ሰባ ሰማንያ ዓመት ሙሉ ቆጣሪዎች ይኑር አይኑር ያልተስማሙበት ሰው ነው፤ እነሱ ግን ማታለያ ምርጫ አደረጉት።

ልጄ ስልኩን አየችና «እማ፣ በቃ ሌላ ጊዜ 338ን ንኪ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ቁርሷ ተመለሰች።

እዚህ ጋ ነው የተሰበርኩት። ክፋት የላትም፣ ጎበዝ ልጅ ናት። ጨዋታው ያስተማራትን ነው የተናገረችው።

የባሰው እሁድ መጣ። «ለግጭቱ ጥፋተኛ የተባለው ማን ነው?» ምርጫዎቹ፤ ኩዊን ሜሪ፣ ኪውራሶ፣ የጀርመን ባሕር ኃይል፣ አየሩ። አንድ ብቻ ምረጡ፣ በ15 ሰከንድ። ፍርድ ቤቱ እኮ ይህን ለመወሰን ዓመታት ፈጅቶበታል! መጀመሪያ ዳኛው የኩዊን ሜሪን ሰዎች ነፃ አወጡ። ይግባኝ ተባለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከሦስት እጅ ሁለቱን ጥፋት በእንግሊዝ ባሕር ኃይል፣ አንዱን እጅ በኩዊን ሜሪ ባለቤት በኩናርድ ላይ ጣለ። በ1949 የጌቶች ምክር ቤት፣ ያኔ የእንግሊዝ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው፣ ይህንኑ አጸና። ሁለቱም ጥፋተኞች ናቸው፣ እኩል ግን አይደለም። ይህ የትኛው ቁልፍ ላይ አለ? ምንም ሳልነካ ሰዓቱ አለቀ። ቀይ።

ቁጥር አትጠይቁ አላልኩም። ቁጥር ራሱ የሚናገርበት ጊዜ አለ። በ1943 ጁላይ ላይ ይህች መርከብ በአንድ ጉዞ 16,683 ሰው ይዛ አትላንቲክን አቋርጣለች። በሰላም ጊዜ የምትይዘው ተሳፋሪ 2,000 ገደማ ነበር። ባዶ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ሳይቀር አልጋ ተደርድሯል፣ ወታደሮቹ አንዱ ሲነሣ ሌላው እየተኛ በፈረቃ ነው ያለፉት። ይህን አስከትላችሁ ብትጠይቁኝ ቁጥሩን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም።

ጨዋታውን ለምትሠሩት ሰዎች፦ የክብደቱን ጥያቄ አስተካክሉት፣ ሦስተኛ ጊዜ እንዳልጽፍላችሁ። የኪውራሶን ጥያቄ አውጡት፣ ካልሆነም ያንን የሚዘንብ ወረቀት አጥፉት። ሰው የጻፈላችሁን ሰው ያንብበው።

እሁድ ማታ ልጄን አልጋዋ ላይ ቁጭ አድርጌ ታሪኩን ከመጀመሪያው ነገርኳት። ስልክ ሳልይዝ። ስለ መጠማዘዙ፣ ስለ ትእዛዙ፣ ሳትቆም ስለመሄዷ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ውኃው በጣም ይቀዘቅዝ ነበር?»