መሃሉ ላይ ምሰሶ አታድርግ ብዬው ነበር

ሌሊቱን ሥራ አድሬ አሁን ቤት መግባቴ ነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። በሩን ከፍቼ ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው የአኳሪየሜ ካቢኔ ላይ ነው። የግራው በር ከታች አብጧል፣ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል፣ አልዘጋ ብሎ ገርበብ ብሎ ቆሟል። ከተሠራ አምስት ወሩ ነው። አምስት ወር! 2,800 ዶላር የከፈልኩበት ዕቃ ነው። ዝም ልል ነበር፣ ግን አልቻልኩም።

"ለዓሣ ማስቀመጫ ይሄን ያህል?" የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የተወለድኩት አሰብ ነው። አባቴ ወደብ ላይ የክሬን ኦፕሬተር ነበር። በ1983 ዓ.ም. ከተማውን ለቀን ስንወጣ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ግን እሁድ እሁድ አባቴ ባሕር ዳርቻ ይወስደኝ ነበር። ውሃው ከጉልበቴ በማያልፍበት ቦታ ጎንበስ ብዬ ዓሣ ሳይ እውላለሁ። ቢጫ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ሰንበር ያለው አለ። ድንጋይ ይመስለኝ የነበረው ነገር ኮራል የሚባል ሕይወት ያለው የባሕር እንስሳ መሆኑን ያወቅኩት አሜሪካ መጥቼ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ውስጥ ቤት ስንገዛ ባለቤቴ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። አንድ ነገር ብቻ አልኩት፤ ሳሎን ውስጥ ትንሽ ቀይ ባሕር።

ሁለት ዓመት አንብቤ፣ ጠይቄ፣ ቆጥቤ ነው የገባሁበት። መስታወቱ 4 ጫማ ርዝመት፣ 2 ጫማ ወርድ፣ 2 ጫማ ቁመት አለው። 120 ጋሎን ነው፣ ወደ 450 ሊትር ማለት ነው። የባሕር ውሃ ከተራው ውሃ ይከብዳል፣ ስለዚህ ውሃው ብቻውን ከ460 ኪሎ ያልፋል። መስታወቱን፣ ድንጋዩንና አሸዋውን ጨምሩበት፤ ከስድስት ኩንታል በላይ ነው። ስድስት ኩንታል ጤፍ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቆልሎ ቀንም ሌሊትም ሳያወርዱ ለዓመታት ማኖር ነው። ከሥር ያለው እንጨት ጌጥ አይደለም፣ ሁሉን የሚሸከመው እሱ ነው። ትንሽ እንኳ ከተጣመመ ጭነቱ እኩል አያርፍም። የመስታወቱን መጋጠሚያ የያዘው ሲሊኮን ይጨነቃል፣ አንድ ቀን ይለቃል። ያን ቀን 450 ሊትር የጨው ውሃ ሳሎን ውስጥ ነው።

ይሄን ሁሉ ለአናጢው ነግሬዋለሁ። ኮሎምቢያ ፓይክ መንገድ ላይ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን፣ ቡና ጋብዤው፣ አራት ገጽ ንድፍ ሰጥቼው፣ እያንዳንዱን ልኬት በጣቴ እያሳየሁ ነው የነገርኩት።

የሀገር ልጅ ነው። ሌላ ሰው አጥቼ አይደለም የሄድኩት። የሀገሬ ልጅ ይሥራው፣ ገንዘቡም እኛው ጋ ይቅር ብዬ ነው። ስለ ኮንትራት ሳነሳ "እኛ ለእኛ ምን ወረቀት ያስፈልጋል እህቴ?" አለኝ። እኔም አመንኩት። በኋላ እንደሰማሁት ይሄው ሰው ለአሜሪካኖች ሲሠራ ኮንትራት ይፈርማል፣ ቀን ይቆርጣል፣ ቢዘገይ ከዋጋው ይቀንሳል። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ጥንቃቄው ለሌላው፣ "አይዞሽ" ለእኛ! የሀገር ልጅ መሆኔ ዋጋዬን ከፍ ማድረግ ሲገባው ዝቅ አደረገው።

1,500 ዶላር ቀብድ ሰጠሁት። በሁለት ሳምንት አስረክባለሁ አለ። አሥራ አንድ ሳምንት ፈጀ። መስታወቱ ጋራዥ ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ስደውል "ነገ"፣ ስደውል "ቅዳሜ"፣ ስደውል "እንጨቱ አልደረሰም"፣ ከዚያ ስልኩ አይነሳም። የዘገየውን እንኳ ይቅር ብዬው ነበር።

አሁን ስለ ካቢኔው ውስጥ ልንገራችሁ፣ ዋናው ነገር እዚያ ነው። በንድፌ ላይ በቀይ የጻፍኩት ሁለት ነገር ነበር።

አንደኛው፣ ከፊት ለፊት መሃሉ ላይ ምሰሶ እንዳይኖር። ካቢኔው ውስጥ ሳምፕ የሚባል ሁለተኛ ገንዳ ይገባል። ከላይ ሞልቶ የሚፈሰው ውሃ በቱቦ ወደ እሱ ይወርዳል፣ እዚያ ይጣራል፣ ይሞቃል፣ በፓምፕ ተመልሶ ይወጣል። የዓሣውን ቆሻሻ በአረፋ የሚያወጣው ስኪመርም የሚቆመው እዚያው ነው። የእኔ ሳምፕ ርዝመቱ 30 ኢንች ነው። መጠኑን ያመጣሁት ከሜዳ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ቱቦው ውስጥና ከላይ ያለው ትርፍ ውሃ ሁሉ ቁልቁል ይመጣል። ሳምፑ ያን የሚይዝበት ባዶ ቦታ ከሌለው ወለል ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ሰፊ በር፣ ክፍት ፊት ያስፈልጋል። ላይኛው አግዳሚ ወፈር ተደርጎ ከተሠራ ሸክሙን ወደ ማዕዘኖቹ ያወርደዋል። ለአራት ጫማ ርዝመት ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ በዚህ መንገድ ነው የሚሠራው።

ሁለተኛው፣ ኤምዲኤፍ እንዳይሆን። ሀገር ቤት ኮምፔንሳቶ፣ እዚህ ፕላይዉድ በሚሉት ከበርች በተሠራው ይሁን፣ ጠርዙ ሁሉ ውሃ የማያስገባ ኢፖክሲ ይቀባ፣ የበሩ ማጠፊያ ከማይዝግ ብረት ይሁን አልኩ። ኤምዲኤፍ የደቀቀ የእንጨት ቃጫ በሙጫ ታምቆ የተሠራ ነው። መኝታ ቤት ቁም ሳጥን ይሁን፣ ግድ የለኝም። ውሃ ጋ ሲደርስ ግን በጠርዙ በኩል እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል፣ ያብጣል፣ ሲደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ካቢኔው ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ እርጥበት አለ። ክረምት ላይ ማሞቂያው ሲሠራ ከእኔ ገንዳ በቀን ከአንድ ጋሎን በላይ ውሃ ይተናል። ጠብታ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ውሃው ደርቆ ጨው ይጋግራል፣ ያ ጨው ብረት ይበላል፣ እርጥበትም ይስባል።

ዕቃውን ያመጣው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። ሁለት ልጆች ይዞ መጣ። አስገቡት፣ ጨርቁን ገለጡት፣ መሃሉ ላይ ምሰሶ ቆሟል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ምሰሶ ከሌለው አይችልም እህቴ። ይሄን ያህል ክብደት ነው ያልሽኝ እኮ።"

"ሳምፑ በየት በኩል ይገባል?"

"አነስ ያለ ግዢ።"

ስለ መብራት መጥፋቱ፣ ስለሚመለሰው ውሃ እንደገና ማስረዳት ጀመርኩ። እጁን አነሳና "ይሄን ለእኔ ተይው፣ ሃያ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው" አለኝ። ሃያ ዓመት የሠራው የወጥ ቤት ካቢኔ ነው! የወጥ ቤት ካቢኔ ስድስት ኩንታል አይሸከምም፣ ሆዱ ውስጥም ባሕር የለም። ሙያውን አልናቅኩም። እንጨት መቁረጥ ከእኔ በላይ ያውቃል። እኔ ግን ውሃውን አውቃለሁ፣ ሁለት ዓመት አጥንቼዋለሁ፣ ወረቀት ላይ አስፍሬ ሰጥቼዋለሁ። የማያውቀውን ነገር ከሴት ደንበኛ መስማት ምን ያህል ቢከብድ ነው? ባለቤቴ ከፎቅ ሲወርድ ወዲያው ወደ እሱ ዞሮ "ወንድሜ፣ አንተ ይገባሃል" አለው። ባለቤቴ ስለ አኳሪየም ምንም አያውቅም። "እሷን ስማት" ብሎት ተመልሶ ወጣ።

"ቢያንስ ፕላይዉድ ነው?" ብዬ ጠየቅኩት። ዓይኔን እያየ "ሙሉው ፕላይዉድ ነው" አለኝ። ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ ጠርዙ ሁሉ ተሸፍኗል፣ በዓይን አይለይም። ልጆቹ ደክሟቸው ቆመዋል፣ የቀን ሥራቸውን ገንዘብ ይጠብቃሉ። የቀረውን 1,300 ከፈልኩ።

ሳምፑን ላዩ ከመዘጋቱ በፊት ከላይ አወረድነው። ገባ። አሁን ግን መስታወቱ ሳይነሳ አይወጣም። ስኪመሩን በየሳምንቱ ሳጥብ ክንዴን በምሰሶው ግራና ቀኝ አሳልፌ፣ ተንበርክኬ፣ በጭፍን ነው የምፈታው። ከ12 ሰዓት የሌሊት ሥራ በኋላ።

ከዚያ ውሃው። የአርሊንግተን ውሃ ከፖቶማክ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ክሎራሚን የሚባል፣ ጀርም የሚገድል ግን ለዓሣም መርዝ የሆነ ኬሚካል ይገባበታል። ክሎሪን ቢሆን ባልዲ ውስጥ ካደረ ይተናል፣ ክሎራሚን ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ እያንዳንዷ ሊትር በማጣሪያ ጠብ ጠብ እያለች ነው የምትሞላው። ቀናት ይፈጃል። ከዚያ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው። ከዚያ መጠበቅ። ድንጋዩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የዓሣን መርዛማ ቆሻሻ ብዙም ወደማይጎዳ ነገር መቀየር እስኪችሉ ድረስ አንድም ዓሣ አይገባም። እኔ ስድስት ሳምንት ባዶ ውሃ እያየሁ ጠበቅኩ። በየቀኑ ለካሁ፣ በየቀኑ ደብተር ላይ ጻፍኩ።

ከዚያ ሕይወት ገባ። ሁለት ክላውን ዓሦች፣ አንዲት ቢጫ ታንግ የምትባል ዓሣ። ታንጓ ከባሕር የተያዘች አይደለችም፣ በእርባታ የተፈለፈለች ናት። ይሄን ዝርያ በእርባታ ማሳደግ የተቻለው እ.ኤ.አ. በ2015 ሃዋይ ውስጥ ነው፣ ከባሕር የተነጠቀ እንዳይሆን ፈልጌ ብዙ ጨምሬ ገዛኋት። ቶርች የሚባለው ኮራል ሁለት ራስ ሆኖ መጥቶ ዛሬ አራት ሆኗል። ጣቶቹ በውሃው ሲወዛወዙ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ ጠዋት ቡናዋን ይዛ ከፊቱ ነው የምትቀመጠው። ቢጫዋን ዓሣ መጀመሪያ ያየች ቀን ብዙ ሰዓት ሳትናገር ቆየችና "አባትሽ ቢያያት" አለች። ከዚያ በኋላ ይሄ ዕቃ ለእኔ የቤት ማስጌጫ አይደለም።

አሁን በሩ አብጧል። ጎርፍ አልመጣ፣ ቱቦ አልፈነዳ፣ ያው ሁልጊዜ የሚኖረው እርጥበት ነው ያበላሸው። የተሰነጠቀውን ቀለም በቢላ ጫር አደረግኩት። ከሥሩ ቡናማ ብናኝ ነው። ኤምዲኤፍ። የቀኙን ጎን ከታች ፋቅኩት፣ እሱም ኤምዲኤፍ። ማጠፊያዎቹ ዝገዋል። ውሃ ልክ አምጥቼ ላዩ ላይ አስቀመጥኩ፣ አረፋዋ መሃል አልቆመችም። ሸክም የያዘው ጎን መስመጥ ጀምሯል። ዓይኔን እያየ ነበር እኮ ፕላይዉድ ነው ያለኝ! ውሸቱ እንደሚወጣ አጥቶት አይደለም፣ እስኪወጣ ድረስ ገንዘቡ እጁ ይገባል።

ስለዚህ ምን ላድርግ? ሁሉንም ማፍሰስ ነው። ዓሦቹን ማሞቂያና አየር ባለው ሣጥን፣ ኮራሎቹን በሌላ፣ ድንጋዩን ውሃ ውስጥ እንዳለ፣ ምክንያቱም ከደረቀ ባክቴሪያው ይሞታል፣ ስድስቱን ሳምንት እንደገና መጀመር ነው። መስታወቱን የሚያነሱ አራት ሰዎች መለመን ነው። ቶርቹ በዚህ ሁሉ መሃል ይተርፍልኝ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

"ተይው፣ ለዓሣ ነው እኮ" እንዳትሉኝ። ሰርቶ ያደረ ሰው በገንዘቡ ያሠራው ሥራ ነው። ዛሬ የእኔ ካቢኔ ነው፣ ነገ ደግሞ የአንዳችሁ ደረጃ ወይም የልጃችሁ ተደራራቢ አልጋ ይሆናል።

ይሄን ከመጻፌ በፊት አራት ጊዜ ደወልኩለት። አላነሳም። ፎቶውን ላክሁለት፣ አይቶታል፣ መልስ የለም።

ስሙን አልጠቅስም። ይሄን የጻፍኩት ሰው ፍለጋ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ውስጥ ሲነግሩት የሚሰማ፣ ኮንትራት የሚፈርም፣ እንጨቱን ከመቁረጡ በፊት የሚያሳይ አናጢ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የሀገር ልጅ ቢሆን አሁንም ደስ ይለኛል። ልኬቱ ይኸው፤ ርዝመት 48 ኢንች፣ ወርድ 24፣ ቁመት 36፣ ሙሉው የበርች ፕላይዉድ፣ የበሩ ክፍት ቦታ ከ40 ኢንች የማያንስ። መሃሉ ላይ ምሰሶ የለውም።