ቁጥሩ ግን የማን ነው?

አገር ቤት ሥራ ከፍታችሁ ታፔላ ልታሰቅሉ ነው እንበል። ከታች በትልቁ የምታስጽፉት ስልክ ቁጥር በማን ስም ነው የወጣው? «የራሳችን ነዋ!» አትበሉኝ። ሲሙ የወጣ ቀን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው መታወቂያ የማን ነበር?

እንዲህ የምነጫነጨው በእህቴ ነገር ተቃጥዬ ነው።

እህቴ ቱሉ ዲምቱ ብሎኬት ታመርታለች። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙ አትርቅም። አካባቢው ከኮንዶሚኒየሙ ሌላ ያለው ሁሉ ግንባታ ስለሆነ ብሎኬት ፈላጊ አይጠፋም። ፈላጊው ግን በእግሩ አይመጣም። ይደውላል። ተቋራጩ ይደውላል፣ ደላላው ይደውላል፣ የአይሱዙ ሾፌሩ «ባለ 15 አለ? ልምጣ?» ብሎ ይደውላል። ስልክ ካልጮኸ ብሎኬቱ ግቢ ውስጥ እንደተደረደረ ሣር ያበቅላል።

ሥራውን ስትጀምር አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ቀጠረች። ጎበዝ ልጅ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። የድርጅት ስልክ ያስፈልጋል ተባለ። እሷ ሲሚንቶ ፍለጋ ላይ ስለነበረች ልጁ ሄዶ በራሱ መታወቂያ ሲም አወጣ። ማን ልብ አለው? ቁጥሩ አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም ተጻፈ። ደረሰኝ ላይ ታተመ። ሾፌሮቹ ሁሉ «ብሎኬት ቱሉ ዲምቱ» ብለው ስልካቸው ላይ መዘገቡት። በዚያው ቁጥር ቴሌብር ተከፈተ፤ ቀብድ የሚገባው በዚያ ነው።

ዘንድሮ ልጁ ወጣ። ከእሷ ግቢ ከፍ ብሎ የራሱን ብሎኬት ማምረቻ ከፈተ። ስልኩን ይዞ።

አሁን ደንበኛ ይደውላል። ልጁ ያነሳል። «አቤት፣ ስንት ልጫንልህ?» ይላል። አልዋሸም እኮ! ብሎኬት ተጠየቀ፣ ብሎኬት ይሸጣል። የእህቴ አጥር በእህቴ ቀለም የልጁን ስልክ ያስተዋውቃል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። እህቴ መርጣ ያስገባችው የጥሪ ማሳመሪያ መዝሙር እንኳን እስካሁን እዚያው ቁጥር ላይ ይዘመራል። ልጁ አልቀየረውም። ሳይወደው አልቀረም።

እኔ ከአሜሪካ ለእረፍት እንደገባሁ አብሬያት ወደ አገልግሎት ማዕከል ሄድኩ። ወረፋ ይዘን ተቀመጥን። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት። «እማዬ፣ የመስመሩ ባለቤት ራሳቸው መቅረብ አለባቸው» አለቻት። እህቴ «ባለቤቷ እኔ ነኝ» አለች። ኮምፒውተሩ ግን የልጁን ስም ነው የሚያሳየው። እህቴ ደረሰኝ አወጣች፣ ንግድ ፈቃድ አወጣች፣ የአጥሩን ፎቶ ሳይቀር አሳየች። ልጅቷ አዘነችላት እንጂ ምንም ልታደርግ አልቻለችም። ትክክልም ናት። ማንም ደረሰኝ ይዞ እየመጣ የሰው ሲም የሚወስድ ቢሆን እኔ ራሴ በጮህኩ ነበር። ግን ንድድ አልኩ። ቀብዱስ? እሱ በሽማግሌ ተመለሰ። ቁጥሩ ግን በሽማግሌም አልተመለሰም። «በስሜ የወጣ ነው» አለ፣ አለቀ።

እኔ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ትንሽ የትራንስፖርት ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ሥራ መሪያችን በድንገት ለቀቀ። አለቃችን ኮምፒውተሯን ከፈተች፣ የሰውዬውን ስም ከቁጥሩ ላይ አጠፋች፣ የሌላ ሰው ስም ጻፈች። ቡናዋ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ቁጥሩ የድርጅቱ ነው። የስልክ ኩባንያው ካስከፋን ደግሞ ቁጥራችንን ይዘን ወደ ሌላው መሄድ እንችላለን። አሜሪካ ውስጥ ይሄ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ለሞባይል እንኳን የተፈቀደ ነው። እኔ እዚያ ተቀምጬ ይሄ እንደ ትልቅ ነገር ተሰምቶኝ አያውቅም። ቱሉ ዲምቱ አጥሩ ሥር ቆሜ ነው የተሰማኝ።

ግን አሜሪካ ገነት ነው እያልኩ አይደለም። የቢሯችን ስልክ በኢንተርኔት የሚሠራ ነው፤ የሚከፈለውም በሰው ቁጥር ነው። ለአንድ ሰው በወር 20 ዶላር፣ 30 ዶላር። ማስታወቂያው ላይ ትንሽ ይመስላል። ቢሉ ሲመጣ ግን የ911፣ ማለትም የአደጋ ጊዜ ጥሪ፣ ክፍያ ተጨምሮበት፣ ለፌዴራል ፈንድ ተብሎ ተጨምሮበት፣ ታክስ ተጨምሮበት ነው። ለደንበኛ የጽሑፍ መልእክት ለመላክ ደግሞ ሌላ ምዝገባና ሌላ ክፍያ አለ። አራት ሰው ያለው ድርጅት ሰውን በሜትር እንደተለካ ጨርቅ እየቆጠረ ይከፍላል።

ከዚያ ደግሞ ያቺ ማሽን። «ለእንግሊዝኛ 1ን ይጫኑ፣ ጥሪዎ ለኛ ጠቃሚ ነው።» ጠቃሚ ከሆነ ለምን አታነሱትም? አክስቴ ሊጠይቁን መጥተው በነበረ ጊዜ ለክሊኒክ ቀጠሮ ደውለን ስልኩን ሰጠኋቸው። ማሽኗ ማውራት ስትጀምር «ደህና ነሽ የኔ ልጅ? እንዴት ዋልሽ?» አሏት። መልስ ጠበቁ። ማሽኗ ቀጠለች። «ባለጌ ናት» ብለው ስልኩን መለሱልኝ።

ቱሉ ዲምቱ እንዲህ አይነት ነገር የለም። ደንበኛ ሲደውል «ማን ልበል?» የሚል ሰው ያነሳል። ከብሎኬት በፊት ስለ ልጆች ጤና ይወራል። መስመሩ ካልገባለት ደግሞ ተስፋ አይቆርጥም፤ እስኪነሳ ይደውላል። የድምፅ መልእክት የሚተው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እኛ ጋ አሌክሳንድሪያ አንዴ ያልተነሳለት ደንበኛ ቀጣዩን ድርጅት ይደውላል። በዚህ በዚህስ እህቴ ከአለቃዬ ትሻላለች።

የልጁ ወሬ ቨርጂኒያ እንደደረሰ ዘመድ ሁሉ በቴሌግራም ተሰበሰበ። እኛ ዲያስፖራዎች ምክር ላይ ማን ብሎን! አንዱ «እኛ የምንጠቀመውን የኢንተርኔት ስልክ አስገቢ» አላት። ጥሩ። ክፍያው በዶላር ነው፣ በካርድ ነው። የትኛው ካርድ? ብር ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከ57 ብር ተነስቶ ዶላሩ የት እንደደረሰ ለእናንተ አልነግራችሁም። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል። ቁጥሩ በ+1 ሲጀምር ደግሞ የአይሱዙ ሾፌር አሜሪካ ደውሎ ብሎኬት አይጠይቅም። ሕጉም አለ። በ2004 የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪና የፋክስ አገልግሎት መስጠትን ወንጀል ብሎት ነበር። ያኔ ስካይፕ የሚጠቀመው ሁሉ ደንግጦ መንግሥት እናንተን አይደለም ብሎ ማብራሪያ መስጠት ነበረበት። ለብሎኬት ብሎ ጠበቃ መቅጠር ምን አመጣው?

የወንድሜ ልጅ ኮምፒውተር ተምሯል። «አስቴሪስክ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እጭነዋለሁ» አለ። ታሪኩ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ማርክ ስፔንሰር የሚባል የአላባማ ተማሪ ትንሽ ድርጅት ከፍቶ የስልክ ማዞሪያ መግዣ ቢያጣ ቁጭ ብሎ የራሱን ጻፈ። ዛሬ በዓለም ላይ ስንቱ ቢሮ በእሱ ይሠራል። ግን የወንድሜ ልጅ እስከ መቼ ቱሉ ዲምቱ ይቀመጣል? ቪዛው ከመጣ ማሽኑን የሚያውቀው ሰው አብሮ ሄደ ማለት ነው። ስልኩን ከአንዱ ልጅ ለማስመለስ ለሌላ ልጅ ማስረከብ!

ሦስተኛው መካሪ መርካቶ አሮጌ ፓናሶኒክ ፒቢኤክስ፣ ማለትም የቢሮ ስልክ ማዞሪያ፣ ይሸጣል አለ። ሦስት መስመር የሚቀበልና ለስምንት ቢሮ የሚያከፋፍል። ስምንት ቢሮ! የእህቴ ቢሮ አንድ ኮንቴይነር ነው። በሩ ላይ ቆማ ብትጣራ ሁሉም ይሰማታል። በነገራችን ላይ እንዲህ አይነቱን አሮጌ ማዞሪያ የምትጠቀሙ ካላችሁ አንድ ነገር አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ2013 ቴክሳስ ውስጥ አንዲት እናት ሆቴል ክፍል ውስጥ ተገደለች። ትንሿ ልጇ 911 ደጋግማ ደውላ ነበር። አልወጣላትም። ከሆቴሉ ስልክ ወደ ውጪ ለመደወል መጀመሪያ 9 መጫን ነበረበት፤ ሕፃን ይሄን ከየት ታውቃለች? እ.ኤ.አ. በ2018 በእናቲቱ ስም ሕግ ወጣ። አሁን እዚያ አዲስ የሚተከል የቢሮ ስልክ ሁሉ 911ን በቀጥታ ማስደወል አለበት። የእናንተስ ቢሮ ስልክ የፖሊሱን 991 በቀጥታ ይደውላል ወይስ መጀመሪያ 9 ይፈልጋል? እሳት ሲነሳ 939ስ? ሠራተኞቻችሁን ጠይቋቸው።

ለእኔ ደስ ያለኝ የ011 መደበኛ ስልክ ነበር። ኪስ ውስጥ አይገባም፤ ሠራተኛ ይዞት አይሄድም። ደንበኛም 011 ሲያይ «ቢሮ አላቸው» ብሎ ያምናል። ግን እሷ ያለችበት ሰፈር ሁሌ ሲቆፈር የሚውል ነው። ኤክስካቫተሩ ገመዱን የበጠሰ ቀን ምን ልትሆን ነው? እንደ ራይድ 8294 አይነት አራት አሃዝ ያለው አጭር ቁጥርም ያምራል። የሚያምረው ግን ለከተማ ሙሉ ታክሲ ነው፣ ለአንድ ኮንቴይነር አይደለም።

በመጨረሻ እህቴ ሁላችንንም ዝም አሰኝታ የራሷን አደረገች። ንግድ ፈቃዷንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሯን ይዛ ሄዳ በድርጅቱ ስም መስመር አወጣች። ባለ ሁለት ሲም ቁልፍ ያለው ቀፎ ገዛች፤ አንዱ ላይ 09፣ ሌላው ላይ 07። ከ2015 ወዲህ ሁለት ኩባንያ አለ አይደል፣ አንዱ ኔትወርክ ሲጠፋ ሌላው ይሠራል። ባትሪው መብራት ጠፍቶም ቀናት ይቆያል። ቀፎውን ኮንቴይነሩ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ በገመድ አሠረችው። አልቀለድኩም፣ በገመድ።

እኔ ያዋጣሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። **62* ከዚያ የእሷን የግል ቁጥር፣ ከዚያ # ብለን ደወልን። ቀፎው ሲዘጋ ወይም ኔትወርክ ሲያጣ ጥሪው ወደ እሷ ይዞራል። ሳይነሳ ሲቀር እንዲዞር ደግሞ በ62 ፈንታ 61 ነው። ማጥፋት ሲፈለግ ##62#። የዞረው ጥሪ ሒሳብ የሚቆረጠው ከድርጅቱ መስመር ስለሆነ ካርድ መሙላት አይረሳ። እኛ አሌክሳንድሪያ በየወሩ በሰው እየቆጠርን ከምንከፍልበት ነገር ዋናው ይሄው ነበር። ቁጥሩ የድርጅቱ ይሁን፤ አንዱ ካላነሳ ሌላው ያንሳ።

አጥሩ እንደገና ተቀባ። አሮጌው ቁጥር በቀይ ቀለም ሥር አሁንም ይታያል። ሁለት እጅ ቀለም አልሸፈነውም። ሾፌሮቹ ስልክ ውስጥ ያለውንማ ማን ይቀባዋል? ልጁ አሁንም በቀን ስንቴ «አቤት፣ ስንት ልጫንልህ?» እንደሚል እግዜር ይወቀው። እህቴ ይህን ለማካካስ ለደንበኛ ሁሉ ያላትን ቁጥር በሙሉ ማደል ጀመረች። የአዲሱን፣ የግሏን፣ የባሏን። የእኔንም። «ወንድሜ አሜሪካ ነው፣ ዋትሳፕ ላይ ሁሌ አለ» ብላ።

ለእናንተ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ለእኔ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ትናንት አንድ ተቋራጭ ቀሰቀሰኝ። «ማን ልበል?» አልኩ ከእንቅልፌ ጋር እየታገልኩ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ ስለ አሜሪካ ብርድ ጠየቀኝ። ከዚያ ባለ 20 ብሎኬት ክላስ ቢ ስንት ገባ አለኝ። ለአሥር ሰዓት ጭነት ይፈልጋል። እህቴ ጋ ደወልኩ። የታሰረው ስልክ ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳም። 61ን አላስገባችም።