የባቲን ሰኞ ማን ያጥናው?

እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር አበሾች ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲን በደንብ እናውቀዋለን። የብዙዎቻችን ልጆች የሚማሩት እዚያ ነው። በነፃ ገበያ አስተሳሰብ ስሙ የገነነ መሆኑን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ጄምስ ቡካናን እ.ኤ.አ. በ1986፣ ቨርነን ስሚዝ ደግሞ በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሲሸለሙ የዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ። በዚህ መስክ ለሚመራመር ተማሪ ዛሬም የገንዘብ ድጋፍ አለ። የንባብ ቡድን አለ። ገና ያላለቀ ጽሑፉን ይዞ ሲመጣ ቁጭ ብሎ የሚያነብለት ፕሮፌሰር አለ። ያስቀናል።

ስሚዝ የሠራው ሙከራ ሲሰሙት ቀላል ነው። ተማሪዎቹን ግማሹን ሻጭ፣ ግማሹን ገዢ አደረጋቸው። ለእያንዳንዱ ሻጭ «ከዚህ በታች አትሽጥ»፣ ለእያንዳንዱ ገዢ «ከዚህ በላይ አትግዛ» የሚል ዋጋ ለብቻው ሰጠው። አንዱ የሌላውን አያውቅም። ከዚያ በሉ ተገበያዩ አላቸው። ጥቂት ዙር እንደሄዱ ዋጋው ንድፈ ሐሳቡ ወደሚለው ቦታ፣ አቅርቦትና ፍላጎት ወደሚመጣጠኑበት፣ ተጠጋ፤ ማንም ሳይተምነው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1962 አሳተመ። ኖቤሉን ያመጣለትም እንዲህ ያለው ሥራ ነው።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ይህን ሳነብ የታየኝ የባቲ ገበያ ነው። ሰኞ ሰኞ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከቆላ ይመጣል። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው ያለውን ይዞ ይወርዳል። ደላላው መሀል ይገባል። የሻጩን እጅ ይይዛል፣ የገዢውን እጅ ይጎትታል፣ «በል አንተ ጨምር፣ አንተም ቀንስ» እያለ ያዋውላል። የአንዱን ቋንቋ ለሌላው የሚመልሰውም እሱ ነው። አሜሪካ ተማሪ ሰብስበው ክፍል ውስጥ የሚፈጥሩት ነገር ባቲ ላይ በየሳምንቱ ይካሄዳል።

ታዲያ ማን አጠናው? ባለፈው ደሴ ስሄድ የዘመድ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን አሳየኝ። ኢኮኖሚክስ ነው የተማረው፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ርዕሱ «ተፅዕኖ የሚያሳድሩ ምክንያቶች» ከሚለው ከተለመደው ጎራ ነው። መጠይቅ በትኗል፤ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው ጀምሮ «በጣም አልስማማም» እስከሚለው። ቁጥሩን ሶፍትዌር ውስጥ ከትቷል። መጨረሻው ላይ «መንግሥት ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» ይላል።

«አንተ ግን ምን ማወቅ ፈልገህ ነበር?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኔስ የፈለግሁት ስለ ደላላ ነበር። ደላላ እውነቱን አይነግርህም፣ ሌላ ርዕስ አምጣ ተባልኩ።»

በጣም አናደደኝ። ኢኮኖሚስቷ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ስሟን ያስጠራው አንዱ ጥናት እኮ የእህል ደላሎችን ነው! አዲስ አበባ እህል በረንዳ ያሉትን ደላሎች ጠይቃ፣ ክፍለ ሀገር ያለ ነጋዴ የማያውቀውን ገዢ በእነሱ በኩል እንደሚያገኝና ድካሙና ወጪው እንደሚቀልለት አሳየች። ደላላን ሌባ ነው ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። ሥራውን ምን እንደሆነ መጠየቅ ነው ምርምር።

የሚቆጨኝ ሌላም አለ። ወሎ በዓለም የኢኮኖሚክስ ጽሑፍ ውስጥ ገብታለች፤ ያስገባት ግን ህንዳዊ ነው። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ረሃብ ባሳተመው ጥናት የ1966 ዓ.ም.ን የወሎ እልቂት መረመረ። በአገር ደረጃ ምርቱ ያን ያህል አልወደቀም ነበር። ደሴ ላይ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይጫን እንደነበር የሚገልጹ ሪፖርቶችንም ጠቅሷል። ማሳው የደረቀበት ገበሬ የሚበላውንም የሚሸጠውንም አንድ ላይ አጣ። ገንዘብ የሌለው ሰው የቱንም ያህል ቢራብ ዋጋ አያስወድድም። እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ።

ደርግ መጣና ነገሩን ገለበጠው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትን አቋቁሞ በገበሬው ላይ ኮታ ጣለ፣ ዋጋ ተመነ። ነጋዴው እህል እንደልቡ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንዳያሻግር ኬላ ቆመ። ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበ ገበሬ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ወሎ እንደገና አለቀ፤ የኮረምን የረሃብተኞች መጠለያ ዓለም በቴሌቪዥን አየው። ድርቁና ጦርነቱ ከባድ ነበሩ፤ የኮታውና የኬላው እጅም አለበት። ይህ አሠራር የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

እኔ በነፃ ገበያ አምናለሁ። ቢሆንም እዚህ አንዳንድ ተማሪ «ገበያው ይፈታዋል» ብሎ ሲቸኩል ስሰማ ስለ 66 ብነግረው እላለሁ። አገር ቤት ደግሞ «ነጋዴውን ቆንጥጡት፣ ዋጋ ይተመን» ሲባል 77 ይመጣብኛል። ሁለቱንም ያየ ሽማግሌ ወሎ ውስጥ በየቀበሌው አለ። ስንት ኩንታል አስረከቡ? በስንት ብር? በሬያቸውን በስንት ሸጡ፣ በዚያ ብርስ ስንት ቁና ማሽላ ገዙ? ለዚህ መጠይቅ መበተን አያስፈልግም። ደብተር ይዞ አጠገባቸው መቀመጥ ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ እያረጁ ነው።

ልጁን ማስተርስህን ስትጀምር ወደ ደላላው ተመለስ ብዬዋለሁ። ባቲ ላይ የአንድ ፍየል ዋጋ ከጠዋት እስከ ከሰዓት እንዴት እንደሚሄድ በየሰኞው ይመዝግብ። ደላላው ከማን ስንት እንደሚወስድ፣ ነጋዴው ኮምቦልቻ እስኪደርስ በየኬላው ስንት እንደሚከፍል ይጻፍ። ከደሴ ባቲ ደርሶ መልስ መሳፈሪያውንና ምሳውን እኔ እችላለሁ። ቨርጂኒያ ያላችሁ የወሎ ልጆች፣ የሐይቁን፣ የመርሳውን፣ የወልዲያውን ገበያ የሚያጠና ተማሪ እናንተም አንድ አንድ ያዙ።