ይድረስ ከኋላ ኮፈን ውስጥ ለሚኖሩት ለክቡር አምፕሊፋየሬ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እርስዎ ካዋረዱኝ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እሁድ ዕለት የአክስቴን ልጅ ዳርን። «ሙዚቃው በእኔ ይሁን» ብዬ ደረቴን የነፋሁት የስፒከሮቼን ድምጽ በሚያጎሉት በእርስዎ ተማምኜ ነው። አጀቡን የምመራው እኔ ነኝ። ሚዜዎቹ በመስኮት ግማሽ አካላቸውን አውጥተው ያጨበጭባሉ። አስፋልቱ ላይማ እንዴት ነበሩ! የታክሲ ረዳት ሳይቀር በበሩ ብቅ ብሎ ትከሻውን ሰብቋል። እኔም መሪውን በአንድ እጅ ይዤ ትንሽ ተንጠባርሬ ነበር፤ አልዋሽም።

ከዚያ ወደ ሙሽሪት ሰፈር ታጥፈን ኮብልስቶኑ ላይ ገባን። መግቢያው ላይ ያለችውን ጉብታ ዘለል እንዳደረግን፣ ጭጭ።

ድምጹን ጨመርኩ። ጭጭ። እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ጭጭ። የበሮቹን ስፒከር ሁሉ ለእርስዎ ስላስረከብኩ አንዲት ትንፋሽ እንኳን አልቀረችም። የሚዜዎቹ እጅ አየር ላይ ቀረ። የሚሰማው የመኪናዬ ቺንጋ ብቻ ሆነ፤ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ። ሰባት መኪና መብራቱን አብርቶ፣ በዝምታ፣ በእግረኛ ፍጥነት። ደጃፋቸው ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብድግ አሉ።

«ማነው ልጄ ያረፈው?»

«አምፑ ነው እማማ።»

«ውይ! ድንገት ነው?»

ድንገት ነው እማማ። ሁሌም ድንገት ነው።

ይህም አልበቃዎትም። ግቢ ገብተን ሽማግሌዎቹ ቆመው ሲመርቁ አንዱ ሚዜ የጥሎሹን ሻንጣ ሊያወጣ ኮፈኑን ከፈተ። ሻንጣውን ሲጎትት የእርስዎንም ሽቦ አብሮ ነካካው። እኔ ደግሞ ድምጹን መጨረሻ ላይ ትቼ፣ ቁልፉንም ሳላጠፋ ወርጃለሁ። «ውለዱ፣ ክበ...» ዱምምም! የአንደኛው ሽማግሌ ከዘራ እጃቸው ላይ አልተገኘም።

ነዳጅ ሰልፍ ላይ ግን አንድ ቀን ተቋርጠው አያውቁም። ሞተር ጠፍቶ፣ ባትሪዬን ጠጥተው እስኪጨርሱ ይዘፍናሉ። ገፍተው የሚያስነሱኝ ከኋላዬ የተሰለፉት ናቸው።

ኤሌክትሪሽያን ፊትማ ሌላ ፍጡር ነዎት። ካርድ ሲያወጡለት የሚለቅ የልጅ ትኩሳት! «ይሰራል እኮ!» ይለኛል ሰውየው፣ እንደ ውሸታም እያየኝ። የመጀመሪያው ባትሪ ነው አለ፤ ቀየርኩ። ሁለተኛው ዲናሞ ነው ብሎ ቴስተሩን ሰካ። ሞተር እየሰራ 14 ቮልት አነበበ። 14 ካለ ዲናሞው ጤነኛ ነው፤ ራሱም አፈረ። ሒሳቡን ሲቀበል ግን አላፈረም። ሦስተኛው «ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ» አለ። የሚሸጥ አንድ ነበረው።

ሰኞ ማታ የስልኬን መብራት ይዤ ከእርስዎ ጎን ተጋደምኩ። ሽቦዎን ነቅነቅ ሳደርግ ጠፉ። መብራትዎ ቀይ ቢሆን ኖሮ ግሎ ነው፣ ወይም የስፒከር ሽቦ ተነካክቶ ራሱን እየጠበቀ ነው እል ነበር። ቀይ አልሆነም፤ ጭራሽ ድርግም። ኤሌክትሪክ አልደረሰዎትም ማለት ነው። ባትሪው ጋ ያለው ፊውዝ ደህና ነው። ጥቁሩን ሽቦ በእጄ እየዳበስኩ ተከተልኩት፤ ማሳው ጋ፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰርበት ቦታ፣ ደረስኩ። ቀለም ላይ ነው የታሰረው። ብሎኗ በሁለት ጣቴ ዞረች።

አሁን አንቱታውን ልተወው። ስማ አንተ! ማሳ ቀለሙ ተፍቆ፣ ባዶ ብረት ላይ፣ ጠብቆ እንደሚታሰር የገጠመህ ሰው ያውቃል። ያውቃል! የሁለት ደቂቃ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ሦስት ሰው አይቶህ ሦስቱም ብር ተቀበሉኝ፤ ጎንበስ ብሎ አንዲት ብሎን የነካ የለም። ሽቦህን በምላጭ ብፍቀው ላዩ መዳብ፣ ውስጡ ነጭ አሉሚኒየም። የከፈልኩት የመዳብ ዋጋ ነው። ግንባርህ ላይ 1000 ዋት ተጽፏል፤ የተሰካብህ ፊውዝ 30 አምፔር። 30 አምፔር በ14 ቮልት ሲባዛ 420 ዋት ነው። ሌላው የት አለ? ደረሰኝ ብጠይቅ «የነገርኩህ ያለ ደረሰኝ ዋጋ ነው» ተባልኩ። ምን እላለሁ? ተሸክሜህ ወጣሁ።

ይቅርታ፤ ወደ እርስዎ ልመለስ። ቀለሙን ፍቄ አጥብቄ አሰርኩት። ጉብታዋን አራት ጊዜ ተመላለስኩባት፤ እንደ ጉድ ዘፈኑ። ማንም አላየም፣ ሌሊት ነው።

ማክሰኞ መልስ ነበር። ሙዚቃው በሌላ መኪና ሆነ። እኔን «አንተ ለስላሳውን ጫን» አሉኝ። ስድስት ሳጥን ከእርስዎ ጎን ደርድሬ ከአጀቡ መጨረሻ ተከተልኩ። ጠርሙሱ ኮብልስቶኑን ሙሉ ሲንኳኳ ሄደ። ጉብታዋም ላይ አልተቋረጠም።

አክባሪዎ፣
የለስላሳው ሹፌር