ሰው ወድቆ ይሳቃል ወይ?

ቪዲዮውን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። አንድ ጠና ያለ ቻይናዊ ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል ውስጥ እስከ ጭኑ ገብቷል። አመሻሽ ነው፣ ያካፋል። ሰውየው በሁለት እጁ አስፋልቱን እየቧጠጠ ለመውጣት ይታገላል። አንድ እግሩ ግን አልታዘዝ ብሎታል። ዙሪያውን ሰው ከቦታል። ሁሉም ስልኩን አውጥቷል ማለት ይቻላል። "ቻይና ገባ! ቻይና ገባ!" ይላል የሚቀርጸው ልጅ። ሳቅ ይሰማል። ሰውየው ቀና ብሎ በአማርኛ፣ "እባካችሁ፣ እጄን ያዙኝ፣ እግሬ ተሰብሯል" ይላል። ይኼኔ ሳቁ ባሰ። "ኧረ አማርኛ ይችላል!" አለ አንዱ። "ድገመው በሉት!" አለ ሌላው። ቪዲዮው እዚያ ላይ ያልቃል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ ልንገራችሁ። አንድ ወጣት ጎንበስ ብሎ "አይዞህ፣ ቦርሳህን ልያዝልህ" አለው። ሰጠው። ሲሰጠውም "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎታል። ልጁ ቦርሳውን አንግቶ መንገዱን ተሻገረ። ያ ሁሉ ሰው እያየ። አንድ ሰው እንኳ "ሌባ!" ብሎ አልጮኸም። በመጨረሻ ብብቱ ስር ገብተው ያወጡት አንዲት ቆሎ የምትሸጥ ሴትና አንድ ሊስትሮ ናቸው። ሴትየዋ በሻርፗ እግሩን ጠፍራ አሰረችለት። ታክሲ የለመኑትም እነሱ ናቸው። የመጀመሪያው ሾፌር "ደሙ ወንበር ያበላሽብኛል" ብሎ ጥሏቸው ሄደ።

እኔ ይህን ሳቅ ይቅር ማለት አቅቶኛል። ሞክሬያለሁ። አልሆነልኝም።

ሰውየው ጎረቤቴ ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ስሙ ከዚያ ቪዲዮ ጋር እንዲነሳ አይፈልግም። ወደ አዲስ አበባ ያመጣው የቀላል ባቡሩ ሥራ ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። መስከረም 2008 ባቡሩ ሥራ ሲጀምር እኛ ተጋፍተን ስንሳፈር፣ እሱ ከላይ ያለውን ሽቦ ሲቆጣጠር ነበር። አብረውት የመጡት ውላቸው ሲያልቅ ሄዱ። እሱ ቀረ። ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ ይጠግን ነበር። የሰፈሩ ልጆች ጋሼ ነበር የሚሉት።

ለምን እንደቀረ አንድ ቀን ጠየቅኩት። "የተወለድኩባት ከተማ ውሃ ውስጥ ናት" አለኝ። መጀመሪያ አማርኛው ያሳሳተው መስሎኝ ነበር። አላሳሳተውም። ያንግሲ ወንዝ ዳር፣ ፌንግጂዬ በምትባል ጥንታዊ ከተማ ነው የተወለደው። ስሪ ጎርጅስ የሚባለው ታላቅ ግድብ ሲሠራ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ከቀዬው ተነስቷል። የእሱ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2002 በፈንጂ ፈረሰች። በዓመቱ ግድቡ ውሃ መያዝ ጀመረ። ነዋሪው ከፍ ብሎ ወደተሠራው አዲስ ከተማ ወጣ፤ ሌላው ተበተነ። የእሱ ቤተሰብ ቾንግቺንግ ገባ። ልጁ ዛሬ እዚያ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ላይ ይኖራል። ፊት ለፊቱ ያለው በር የማን እንደሆነ አያውቅም።

እንዳትሳሳቱ፣ ሰውየው በአገሩ ይኮራል። ስለ ፈጣን ባቡሩ ሲያወራ ፊቱ ይበራል። የመጀመሪያው ከቤጂንግ ቲያንጂን እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፈተ፤ ዛሬ መስመሩ ከ40 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ለእረፍት በሄደ ቁጥር የሚያውቀው መንገድ ይጠፋበታል። አትክልት ቸርቻሪዋ ሳትቀር ክፍያ በስልክ ነው የምትቀበለው፤ ብር አውጥቶ ሲሰጣት ግራ ገብቷት እንዳየችው ነግሮኛል። ይህን ሁሉ በደስታ ነው የሚያወራው። አንድ ነገር ላይ ሲደርስ ግን ዝም ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ፎሻን በምትባል ከተማ አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን በመኪና ተገጨች። የመንገዱ ካሜራ ሁሉንም ቀርጾታል። 18 ሰው በአጠገቧ አለፈ። አንዱም አላነሳትም። ያነሳቻት ቆሻሻ ለቅማ የምታድር ሴት ናት። ሕፃኗ ከሳምንት በኋላ ሞተች። አገሩ በሙሉ "ምን ነካን?" ብሎ ጮኸ። አንዳንዱ ምክንያት አቀረበ። ከዚያ በፊት ናንጂንግ ውስጥ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የወደቀች አሮጊት ያነሳ ወጣት ራሱ እንደገፋት ተቆጥሮ ካሳ ክፈል ተብሎ ነበር። የዚያ ጉዳይ እውነት ምንም ይሁን ምን፣ ወሬው ሲዛመት ሰው የወደቀ ማንሳት ፈራ። ኋላ ሼንዘን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ አገሪቱ በሙሉ፣ ሰው ሊረዳ የሞከረን የሚጠብቅ ሕግ አወጡ።

ጎረቤቴ ይህን ሲነግረኝ፣ "እናንተ ጋ እንዲህ አይሆንም" ብሎ ነበር የጨረሰው።

ለምን እንዲህ እንዳለ አውቃለሁ። በኮቪድ ጊዜ እናቱ ሞቱ። የቻይና በር ዝግ ነበር። በረራ ብርቅ፣ ለይቶ ማቆያው የሳምንታት። መሄድ አልቻለም። ቀብሩን በስልክ አየው። ለማንም አልተናገረም። የምታጥብለት ልጅ ናት ሲያለቅስ አይታ ለግቢው የነገረችው። በነጋታው የእድር ድንኳን ተተከለለት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ንፍሮ ተቀቀለ። እማማ የምንላቸው የግቢው አዛውንት አጠገቡ ተቀምጠው፣ ፎቶአቸውን እንኳ ሳያዩ፣ ለማያውቋቸው ለቻይናዊት እናት አነቡላቸው። ሦስት ቀን ብቻውን አላደረም። ወንዶቹ በፈረቃ አብረውት ያድሩ ነበር። "እናቴ እዚህ ለቀስተኛ አገኘች" አለኝ።

ያ እኛ ነን፣ ወገኖቼ። ያ የሩቅ ዘመን ተረት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ያው ከተማ፣ ያው ሕዝብ።

ካዛንቺስ በ2017 ፈረሰ። ግቢው ተነሳ፣ እድሩ ተበተነ። እማማ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ጎረቤቴ ሌላ ሰፈር ተከራየ፤ እዚያ የሚያውቀው ሰው የለም። ሰፈሩ ለሁለተኛ ጊዜ ከእግሩ ስር ሄደ። አንዳንድ ሰዎች ሳቁን በዚህ ሊያብራሩልኝ ሞክረዋል። ሰው ተበታትኗል፣ ኑሮው ከብዷል፣ ማንም ማንንም አያውቅም ይላሉ። እውነት ነው፣ ከብዷል። ግን እናንተ ከባችሁት የቆማችሁ፣ ልጠይቃችሁ። ፎሻን ላይ ካለፉት ቢያንስ አንዳንዶቹ ፈርተናል አሉ። እናንተ ምን ፈራችሁ? ማን ይከሰናል አላችሁ? ምንም። እየሳቃችሁ ነበር እኮ! ዳቦ ያጣ ሰው ሊሰርቅ ይችላል፤ አዝናለሁ፣ ይገባኛል። እግሩ የተሰበረን ሰው "ድገመው" ማለት ግን ከየትኛው ችግር ነው የሚመጣው?

ቪዲዮውን የላከልኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። የሳቅ ምልክት ደርድሮበት። የተማረ፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ ጾም የሚይዝ ሰው ነው። ስለዚህ "ዱርዬዎች ናቸው" ብላችሁ እንዳታልፉት። የሳቅነው እኛ ነን። ላይክ ያደረግነው፣ "ሼር" ያደረግነው እኛ ነን። እኔም የምኖረው በዚሁ ሳቅ ውስጥ ነው።

ቻይናዎቹም ሠራተኞቻችንን ይበድላሉ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። የበደለ ይጠየቅ። ደሞዝ የከለከለ፣ ሰው የሰደበ አለቃ ካለ ስሙን ጥሩና እኔም አብሬያችሁ እጮኻለሁ። ማንሆል ውስጥ የወደቀው ሰውዬ ግን የማንንም ደሞዝ አልበላም። ፓምፕ ነው የሚጠግነው። ለእማማ ደግሞ በነጻ ነበር የሚሠራላቸው።

ሚያዝያ 2012ን አስታውሱ። ጓንግዡ ውስጥ አፍሪካውያን ኮሮና አላችሁ ተብለው ከቤታቸው ሲባረሩ፣ ሻንጣቸውን ይዘው መንገድ ላይ ሲያድሩ አይተን ደማችን ፈላ። ልክ ነበርን። ግን ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ እኛው አዲስ አበባ ላይ ፈረንጅና ቻይና ባየን ቁጥር "ኮሮና! ኮሮና!" እያልን ድንጋይ ያነሳን አልነበርንም? ልጆቻችን ጅዳ፣ ቤይሩት፣ ዱባይ በሰው በር ላይ ናቸው። አንዷ እህታችን ወድቃ አረቦች ከበው ሲስቁባት በቪዲዮ ብናይ ምን እንደምንሆን ሁላችንም እናውቃለን። ለእሷ የምናለቅሰው እንባ እውነተኛ ከሆነ ለዚህ ሰውዬም ትንሽ ሊተርፈን ይገባ ነበር።

ሆስፒታል ሄጄ አየሁት። እግሩ በብረት ተይዟል። ስለ ሳቁ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔ ላነሳው ስል በእጁ ምልክት ከለከለኝ። ያለቀሰው ስለ ስልኩ ነው። ስልኩ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ቻይናዎች የሚጻጻፉበት ዊቻት የሚባለው መተግበሪያ የተላከልህን መልእክት ስልክህ ላይ እንጂ ኩባንያው ጋ አያስቀምጥም። ስልኩ ከጠፋ መልእክቱም ጠፋ። እናቱ ከመሞታቸው በፊት የላኩለት የድምፅ መልእክቶች እዚያ ውስጥ ናቸው። ሌላ ቦታ የሉም። በልተሃል ወይ፣ ብርድ ልብስ ደርብ የሚሉ የእናት መልእክቶች።

ምን እንድታደርጉ እንደምፈልግ ልናገር። ቪዲዮውን አጥፉ፤ የላካችሁለትንም አጥፋው በሉት። የሰፈራችሁ ማንሆል ክፍት ከሆነ ወረዳው እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ድንጋይና ቅርንጫፍ አድርጉበት። ብረቱን ኪሎ በኪሎ የምትገዙ የቆራሌው ነጋዴዎች፣ ክዳኑ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ፤ አትግዙ። ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው ይሰማኛል ብዬ አይደለም። ከዚህ በፊትም ብዙ ተጽፏል፣ ብዙ ተመክሯል። ደክሞኛል። ግን ቆሎ ሻጯን ሳያት ተስፋ መቁረጡም ያሳፍረኛል። የዚያን ቀን ገበያዋን ጥላ ሆስፒታል ድረስ ሄዳለች። ተመልሳ ስትመጣ ቆሎዋን ሌላ ሰው በልቶታል። አሁንም እዚያው ፌርማታው ጥግ ናት፣ "እንዴት ሆነ?" ትለኛለች ባየችኝ ቁጥር።

አንተ ቦርሳውን የወሰድከው ልጅ፣ ወይም ስልኩን ከእሱ የገዛኸው፣ ይህ ከደረሰህ ስልኩን ፎርማት አታድርገው። ብሩ ይቅር። ቦርሳው ይቅር። ስልኩን ለቆሎ ሻጯ ስጣትና ሂድ። የከፈልክበት ካለ በዚያው በእሷ በኩል ንገረኝ፣ እኔ እመልስልሃለሁ። ማን ነህ፣ ከየት አመጣኸው የሚልህ ሰው የለም።