እሬቱ ያው እሬት ነው

ጀርመን ከገባሁ 11 ዓመቴ ነው፣ ሥራዬ አዛውንቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መንከባከብ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ቁስል ሳጥብ ፋሻ ስቀይር ነው የምውለው። እኛ አገር እያለን ፈረንጅ ሁሉ ነገሩ ኬሚካል ነው ብለን ነው የምናስበው አይደል? እኔም እንደዛ ነበር የመሰለኝ፣ ግን እዚህ ካሉት እናቶች ቤት የካሌንዱላ ቅባትና ካሞሜል አይጠፋም፣ አበባ'ኮ ነው ሁለቱም፣ ሐኪሙም አይቶ አይቆጣም።

አያቴ ሰሜን ሸዋ ውስጥ እጁ የተቆረጠ እግሩ የተቃጠለ ሰው ሁሉ የሚሮጥባት ሴት ነበረች። ለቃጠሎ እሬት ትቆርጥና ወዲያው አትቀባም፣ አዘቅዝቃ ታቆመዋለች ቢጫው ፈሳሽ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ፣ ከዛ ልጣጩን ልጣ ያንን እንደ መስታወት የጠራውን ዝልግልግ ብቻ ነው የምታደርገው። "ምሬቱ ይውረድ" ትላለች፣ በቃ። እዚህ መጥቼ ነው ያ ቢጫው ነገር አሎይን የሚባል ንጥረ ነገር እንዳለበት፣ ቆዳ እንደሚያስቆጣና ፋብሪካውም ጄሉን ከማሸጉ በፊት አጣርቶ እንደሚያወጣው የተማርኩት። የዛን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም።

ግን ደግሞ አጎቴም አለ። ስኳር ነበረበት፣ እግሩ ደንዝዞ ስለነበር ሚስማር ሲወጋው እንኳን አላወቀም፣ ሰፈር ያለ አዋቂ ነኝ ባይ ከመሬት የለቀመውን ቅጠል ሳያጥብ ወቅጦ አሰረለት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደታሰረ ቆየ፣ ሲፈታ ሸቷል፣ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። የስኳር በሽተኛ እግር ላይ ደም በደንብ አይደርስም፣ ሕመሙም አይሰማም፣ ስለዚህ እዚያ ላይ የሚወጣ ቁስል ትንሽ ቢመስልም የቅጠል ጉዳይ አይደለም፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው። ሌላው ደግሞ አፈርና እበት ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም አለ፣ ያልታጠበ ቅጠል ጥልቅ ቁስል ውስጥ መክተት እሱን በእጅ እንደማስገባት ነው። ደም ለማቆም ብለን የምንነሰንሰው የቡና ዱቄትም ቁስሉ ላይ ይጋግርና ለማጠብ ፍዳ ነው፣ በንጹህ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ይሻላል። ቃጠሎ ከሆነ ደግሞ እሬቱም ይቆይ፣ መጀመሪያ 20 ደቂቃ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ።

እና ልዩነቱ ምንድነው ብትሉኝ፣ የእነሱ ቅጠል ከእኛ በልጦ አይደለም። እኔ ፋሻ በቀየርኩ ቁጥር ቁስሉን በማስመሪያ ለክቼ ፎቶ አንስቼ መጻፍ አለብኝ፣ ጠበበ? ሰፋ? መግል አለው? ስለዚህ የማይሠራ ነገር ቶሎ ይታወቅበታል። በርች ከሚባል ዛፍ ቅርፊት የሚሠራ ፊልሱቬዝ የሚባል ጄል አለ፣ በ2022 አውሮፓ ውስጥ የተፈቀደ፣ ሲወለዱ ጀምሮ ቆዳቸው እየተላጠ ለሚቆስል ልጆች፣ እዚህ የቢራቢሮ ልጆች ነው የሚሏቸው። 223 በሽተኞች ላይ ሞከሩት፣ በ45 ቀን ውስጥ ቁስላቸው ሙሉ ለሙሉ የተዘጋላቸው 41 በመቶ ናቸው፣ መድኃኒት የሌለበትን ጄል የተቀቡት ደግሞ 29 በመቶ። አያችሁ፣ ከግማሽ በላዩ በዛ ጊዜ አልተዘጋለትም፣ ግን ቁጥሩን አልደበቁትም። እኛ ጋ ግን ቅጠሉ ወይ ሁሉን ያድናል ወይ ጥንቆላ ነው፣ መሀሉ የለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ምስጢሩ ነው። መድኃኒት ከተነገረ ይረክሳል ተብሎ ለአንድ ልጅ ብቻ ይነገራል፣ ያ ልጅ ከተማ ገብቶ ይረሳዋል፣ አለቀ። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በፈረንጆቹ 1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ ባይጠይቅ፣ እንዶድ የቢልሃርዚያ በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ዓለም ከየት ያውቅ ነበር? አራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ብሔራዊ ሄርባሪየም የሚባል የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ አለ፣ አንድ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ ከነአበባው በጋዜጣ መሀል አድርቃችሁ ብትወስዱ ምን እንደሆነ ይለዩታል፣ የሰፈሩን ስም ብቻ ይዞ መሄድ ግን አይበቃም ምክንያቱም አንዱ ስም በየአገሩ ለተለያየ ቅጠል ይሰጣል።

አያቴ ለማይድን ቁስል ሦስት ነገር ቀላቅላ ነበር የምትሠራው፣ የምታውቀው አሁን በሕይወት ያለችው ትልቋ አክስቴ ብቻ ናት። ባለፈው እሁድ ደውዬ እትዬ እባክሽ ንገሪኝ፣ ልጻፈው አልኳት፣ ረጅም ዝም አለች። ከዛ አንዱ ክትክታ ነው አለችኝ፣ ሁለተኛው የብሳና ቀንበጥ። ሦስተኛውን ስጠይቃት ግን "እሱን ስትመጪ፣ ወስጄ አሳይሻለሁ እንጂ በስልክ አይሆንም" ብላ እምቢ አለችኝ። ለጥር ቲኬት ቆርጫለሁ።